ይቅርታ የግፉዓን ገንዘብ ነው

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ፣ ማለት ዛሬ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሶ መስቀል አደባባይ በምንለው ስፍራ፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ደም የሚመስል ነገር የተሞሉ ጠርሙሶችን እያነሣ በከሰከሰ ጊዜ፣ ይህ ድርጊቱ ቀይ ሽብር ተብሎ በታሪክ ለሚታወቀው የመከራ ዘመን እንደ ዐዋጅ ሆኖ ተቈጠረ። ከዚያ በኋላ አርባ ሰባት ዓመት አልፎ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኢትዮጵያን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ሁለቱን ቀኖች ሆን ብሎ ያገናኘ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የግፉ ዐዋጅና የፍትሑ ሰነድ በአንድ ዕለት መዋላቸው፣ በመካከላቸው ያለፈውን የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ የሚያህል ዘመን ስናስብ፣ እስከ አሁን ምን ተሠራ፣ ለማንስ ተሠራ ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ፖሊሲው የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ካስከተላቸው ግዴታዎች አንዱ ሲሆን፣ ልዩ ፍርድ ቤትና ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንዲቋቋሙ፣ እውነትን የሚያፈላልግ ኮሚሽን እንዲሠየም፣ ለተጎጂዎች ካሳ እንዲሰጥ፣ ምሕረትም ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳይፈቀድ፣ ከዚህም ጋር ከአበው የተወረሱት የዕርቅ ሥርዐቶች ስፍራ እንዲያገኙ ያስባል። በወረቀት ሲያነቡት ከዚህ በፊት በሀገራችን ያልታየ መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ስለዚህ ጉዳይ በየስብሰባው የሚነገረውን ስሰማ፣ ይቅር መባባል የሚለው ቃል ከሌላው ሁሉ ቀድሞና በዝቶ ይመጣብኛል፤ ይቅር የሚለው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ይቅር የሚባለውም ነገር ምን እንደ ሆነ ተጣርቶ ሳይታወቅ ይቅርታው እንደ ተፈጸመ ሥራ ይወራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ይቅርታ ግፍ የተፈጸመበት ሰው ገንዘብ እንጂ የመንግሥት ገንዘብ አለመሆኑን፣ መንግሥትም ገንዘቡ ያልሆነውን መመጽወት እንደማይቻለው፣ ከሱ የሚጠበቀው ግን እውነቱን መግለጥና ካሳውን መቍረጥ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሩቅ ብንጀምረው፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ የፋሽስት ኢጣልያ እንደራሴ የነበረው የግራዚያኒ ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዞች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያፈሰሱት ደም፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወርም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የወረደው መቅሠፍት እስከ ዛሬ በማናቸውም ፍርድ ቤት አልተዳኘም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በሀገሩ ወታደራዊ ችሎት ቀርቦ 19 ዓመት እስራት ሲፈረድበት፣ ፍርዱ ከጀርመኖች ጋር ስለ መተባበሩ እንጂ ስለ ኢትዮጵያውያን ደም አልነበረም፤ ያንኑም እስራት ሳይጨርስ በወራት ውስጥ ተለቀቀ። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ደንግጎ ነበርና፣ ከረጅም ድርድር በኋላ ከዚሁ ካሳ የተገኘው ገንዘብ የቆቃ ግድብ የተሠራበት ሆነ። ግድቡ ለሀገር ብርሃን መስጠቱን የሚክድ የለም፤ ለሥራው የደከሙትንም ልነቅፍ አልወድም። ነገር ግን ቤተ ሰቡ ከነጎጆው የተቃጠለበት የአዲስ አበባ ሰው ካሳህን ተቀብለሃል ቢባል፣ መቼና ከማን እጅ ብሎ በጠየቀ ነበር። ካሳውን ግፉዓን ሳይሆኑ መንግሥት የተቀበለበት ልማድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእኛ ጋር ኖሯል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋልና አላስረዝመውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን፣ ልጅ እንዳልካቸው መኰንንንና ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምን ጨምሮ ስድሳ የሚሆኑ የመንግሥት ሰዎች ያለ ክስና ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታሰሩበት ሞቱ፤ በ1971 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ እንዲሁም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሓፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሥውር ተገድለው የተቀበሩበት ለዓመታት ሳይታወቅ ቈየ። ከነዚህ ስማቸው ከታወቀው በታች ደግሞ ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ የተማሪ ቤት ልጆች፣ መምህራን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ገበሬዎች በሺሕ እየተቈጠሩ አለቁ። ሬሳቸው በየመንገዱ ወድቆ ሲያድር ወላጅ ቀርቦ እንዳያነሣው ተከለከለ፤ ለወደቀው ልጅ ማልቀስና ጥቁር መልበስ እንደ ወንጀል ተቈጠረ፤ ሬሳ እንዲወስድ የተፈቀደለትም ቢሆን ልጁ የተገደለበትን የጥይት ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። በሀገራችን የአንድ ሰው ሞት ሞት የሚሆነው ለቅሶ ተለቅሶለት፣ ጸሎተ ፍትሐት ደርሶለት፣ ዐርባውና ሙት ዓመቱ ወጥቶለት ወይም እንደየእምነቱ ሥርዐት ተፈጽሞለት ስለ ሆነ፣ ለነዚያ ወላጆች የልጃቸው ሞት እስከ ዛሬ ያላለቀ ሞት ነው።

ይህን ግፍ ለመፋረድ በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 22 ልዩ የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ዐዋጁ ወንጀለኞችን ከመክሰስ ሌላ፣ የተፈጸመው ግፍ ለተከታዩ ትውልድ በመዝገብ እንዲቈይ የማድረግን ግዴታም ያስታውሳል። ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም ምርመራ ሊቃውንት በመቃብር ቁፋሮው ረዱ፤ ደርግም የገዛ ሥራውን በጽሑፍ የመያዝ ልማድ ስለ ነበረው የግድያ ትእዛዞችና የእስረኛ መዝገቦች ተገኙ። የዋናዎቹ ባለሥልጣኖች ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ብይን ተሰጠ፤ በሚከተለው ወር የተወሰነውን የዕድሜ ልክ እስራትም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ለወጠው። በጠቅላላው ከ5,000 በላይ ሰዎች ሲከሰሱ፣ ከእኩሌታ የሚበልጡት በሌሉበት ነበር፤ ከነዚህም የመጀመሪያው ተከሳሽ ከግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ጀምሮ በዚምባብዌ ተጠልሎ የኖረው መንግሥቱ ራሱ ነው።

ይህ የፍርድ ሥራ ትልቅ ሥራ እንደ ነበረ መናገር ተገቢ ነው። የአንድ ሀገር ሕዝብ የውጭ ኃይል ሳይፈርድለት፣ በገዛ ዳኞቹና በገዛ ሕጉ፣ ያውም ገዳዮቹ ራሳቸው ከዙፋን ያወረዱት ንጉሠ ነገሥት በ1949 ዓ.ም. ባወጁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የቀድሞ ገዢዎቹን ለፍርድ ማቅረቡ በአፍሪካ ብዙ ምሳሌ የለውም። ያ አንቀጽ የፖለቲካ ማኅበራትን ከመጥፋት በመጠበቁ በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከወጣው ዓለም አቀፍ ውል እንኳ የሰፋ ነበር። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ብይኑ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባለፈበት በዚያ ክርክር የግፉዕ ስፍራ ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ የሚያስደስት አይደለም። ግፉዕ ሲፈለግ ተጠርቶ ቃሉን ሰጥቶ የሚሄድ ምስክር ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 154 ተበዳይ በወንጀሉ ክስ ውስጥ ካሳውን እንዲጠይቅ በር ከፍቶለት ሳለ፣ ያ በር በዚህ ታላቅ መዝገብ ላይ ለግፉዓን የካሳ መግቢያ ሳይሆን ቀረ። ፍርድ ቤቱ በገዳዩ ላይ ፈረደ፤ ለሟች እናት ግን የቈረጠላት ነገር አልነበረም።

የዐፅሙንም ነገር እንመልከት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ውስጥ ተቈፍሮ ከወጣ በኋላ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስምንት ዓመት ቈይቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥት የነበሩት ሰው እንኳ ወደ መቃብራቸው ለመግባት ይህን ያህል ከጠበቁ፣ የአንድ የዐሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ዐፅም ስንት ዘመን ይጠብቃል? በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የግፉዓንን ፎቶግራፎችና ልብሶች፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ የራስ ቅሎችንና ዐፅሞችንም በመስተዋት ውስጥ ይዟል። ይህን መታሰቢያ ለማቆም የደከሙት የሟቾች ቤተ ሰቦች ናቸውና ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ማንነቱ ያልታወቀ ዐፅም በመስተዋት ውስጥ ሲቀመጥ፣ በከተማው ውስጥ ልጇ ወዴት እንደ ወደቀ ሳታውቅ የምትኖር እናት ሳለች፣ ያንን ዐፅም ከዚያች እናት ጋር ለማገናኘት የሚችለውን ምርመራ እስከ መጨረሻው መግፋት የመንግሥት ዕዳ ነበር፤ ዕዳውም አልተከፈለም።

ወደ ይቅርታው ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት የምናገኘው ከ2003ና ከ2004 ዓ.ም. ነው። የተፈረደባቸው የደርግ ሰዎች ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ እንደሚለምኑ በሃይማኖት አባቶች አማላጅነት ተነገረ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2003 ዓ.ም. የሃያ ሦስቱን ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታ የሚገኙባቸው ብዙዎቹ ከሃያ ዓመት እስራት በኋላ ተፈቱ። የሞትን ፍርድ መለወጥ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ለርእሰ ብሔሩ የሰጠው ሥልጣን ስለ ሆነ፣ እኔም ያረጁ ሰዎች በስቅላት ይሙቱ የምል ስላልሆንሁ፣ በሕጉ በኩል የምከራከረው ነገር የለኝም። የአባቶችንም ምልጃ አላቃልልም፤ ማማለድ ሹመታቸው ነው። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ከሟቾች ወገኖች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ልጅሽን የወሰድነው በዚህ ቀን ነው፤ የገደልነው በዚህ ስፍራ ነው፤ የቀበርነውም እዚህ ነው ብሎ የተናገረ ማን ነው? ልመናው ለመንግሥት ቀረበ፤ መንግሥትም መለሰ፤ ባለ ደሙ ግን ወሬውን ከራዲዮ ሰማ። ከሟቾች ቤተ ሰቦች መካከል ይቅር ለማለት ልባቸው የተዘጋጀ እንደ ነበሩ ሁሉ፣ ፈጽመው የተቃወሙም ነበሩ፤ የሚያሳዝነው የሁለቱም ወገኖች ቃል ለውሳኔው መሠረት አለመሆኑ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ዘመን ግን የወጋውም እንዳልረሳ አየን፤ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን፣ መንግሥቱም ከስደት ሀገሩ «ትግላችን»ን አሳትመዋል። መጻፋቸውን አልቃወምም፤ ለታሪክ ጸሓፊ የሚጠቅም ነገር በነዚህ መጻሕፍት ይገኛል። ነገር ግን የከሳሾቹ ምስክሮች፣ ያች ልጇ ከአልጋው ላይ የተወሰደባት ሴት፣ ያ ከፍተኛ በሚባለው የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እግሩ እስኪተለተል የተገረፈ ወጣት፣ በችሎት ፊት የሰጡት ቃል በመቶ ሺሕዎች በሚቈጠር ገጽ ውስጥ ተጠርዞ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል። አንባቢ በመጽሐፍ መደብር የገዳዩን ምክንያት ገዝቶ ሲያነብ የግፉዕን ቃል ግን የማያገኝ ከሆነ፣ ለተከታዩ ትውልድ ይመዝገብ ያለው ዐዋጅ ግማሹ ብቻ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርቀ ሰላም ኮሚሽንም፣ በብፁዕ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ሰብሳቢነት ሦስት ዓመት ቈይቶ ሲዘጋ፣ ሕዝቡ የሥራውን ፍሬ በውል አላየውም፤ ይህም ተስፋ ያደረጉትን ሰዎች ልብ ሰብሯል።

ይቅርታ ከምን በኋላ እንደሚመጣ የሚያስተምረን የባዕድ ሀገር ጥበብ አያስፈልገንም። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፣ የበደለውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ፣ ከሀብቱም እኩሌታውን ለድኆች ሊሰጥ ቃል መግባቱን፣ መዳን ለዚህ ቤት ሆነ የሚለውም ቃል ከዚህ በኋላ መነገሩን በወንጌል የሰማ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። በንስሐ ሥርዐታችንም ኀጢአቱን የተናዘዘ ሰው የነጠቀውን ሳይመልስ ፍጹም ስርየት እንዲሰጠው የሚሻ የነፍስ አባት አይገኝም። እስላሙም ወገናችን የሰው ሐቅ በባለቤቱ እንጂ በሌላ እንደማይታለፍ ያምናል። በአማራው ሀገር ደም ሲደርቅ፣ በኦሮሞው ሀገር ጉማ ሲወጣ፣ ሽማግሎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ገዳዩ ወገን መግደሉን በአደባባይ እንዲያምን፣ የሟቹም ወገን በዚያ እንዲገኝ ማድረግ ነው፤ ካሳው ተቈርጦ እስኪከፈል ድረስም የሟቹን ወንድም ይቅር በል ብሎ የሚያስገድደው የለም። ይህ ሥርዐት ጉድለት የለበትም አልልም፤ ይልቁንም ሴቶች በሽማግሎች ጉባኤ ተገቢውን ስፍራ ስለማያገኙና በጦርነት ጊዜ የተደፈሩ እናቶችና እኅቶች ጉዳይ በከብትና በገንዘብ ሊታረቅ ስለማይገባው፣ ፖሊሲው የአበውን ሥርዐት ሲጠራ ይህን ወሰን አጥብቆ ሊጠብቅ ይገባዋል።

ከሌላው ሀገር ምሳሌ የምጠቅሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቻድ ነው። የቀድሞው የቻድ ገዢ የሒሴን ሐብሬ ግፉዓን ከእስር ቤት የወጡ ድኆች ሲሆኑ፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ስማቸውን መዝግበው፣ በ1992 ዓ.ም. ሐብሬ በተጠለለባት በዳካር ክስ አቀረቡ፤ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ልዩው የአፍሪካ ችሎት በዕድሜ ልክ እስራት ሲፈርድበት እነሱ በችሎቱ የተቀመጡት በምስክርነት ብቻ ሳይሆን በተከራካሪነት ጭምር ነበር፤ ከ7,000 ለሚበልጡ ግፉዓንም ካሳ ተፈረደ። ሐብሬ በ2013 ዓ.ም. በእስር ሳለ ሞተ፤ ካሳው ግን ለብዙ ዓመት ሳይከፈል ቈየ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ግፉዓን ባለ ጉዳይ ሆነው መቆም እንደሚችሉ፣ ደግሞም ገንዘቡ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ፍርዱ የወረቀት ፍርድ እንደሚሆን።

ዛሬ በሀገራችን የሚጠብቁት የቀይ ሽብር ወላጆች ብቻ አይደሉም። በጅጅጋ በነበረው በዚያ ኦጋዴን በተባለው እስር ቤት የተሠቃዩ፣ በማዕከላዊ የምርመራ እስር ቤት የተገረፉ፣ በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ዘመዳቸውን ያጡ፣ በማይካድራ፣ በአክሱም፣ በጭና፣ በቆቦ፣ በቶሌ ሙታናቸውን የቀበሩና መቃብር እንኳ ያላገኙ አሉ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን እየቈጠረ የሌላውን ሲረሳ ማየት ከጦርነቱ ቀጥሎ ትልቁ ሐዘኔ ነው፤ ደም ሁሉ ደም ነውና፣ ኮሚሽኑ በገዳዩ ወገን እየለየ የሚመዘግብ ከሆነ ባይሠየም ይሻላል። ደግሞም ጠመንጃ ባልተቀመጠበት ሀገር፣ መስካሪው ነገ ለሚገድለው ሰው ዛሬ ስሙን የሚሰጥ በሚሆንበት ስፍራ፣ እውነት ይፈለግ ማለት ምስክሩን መጠበቅን አስቀድሞ ይጠይቃል።

ያረጀ ቍስል ለምን ይነካል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ሰላምን ከልብ የሚወዱ ናቸው። ቍስሉ አርጅቷል ያለው ግን ቈስሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ያልተነገረው ግፍ ሁሉ ለሚከተለው ግፍ ሰበብ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯልና፣ ዝምታ ሰላምን እንዳላመጣልን የሃምሳ ዓመት ታሪካችን ምስክር ነው። ሀገሪቱ ድኻ ናትና ካሳ ከየት ይመጣል የሚሉም አሉ። ካሳ ሁሉ ገንዘብ አይደለም፤ የሟችን ስም በመንግሥት መዝገብ በንጹሕነት መጻፍ፣ ዐፅሙን መርምሮ ለወገኑ ማስረከብ፣ የተገረፈውን ማሳከም፣ የተወረሰውን ቤት መመለስ፣ ያለ አባት ያደገውን ልጅ ማስተማር ካሳ ነው። ገንዘብ ለሚያስፈልገው ደግሞ በየዓመቱ በበጀት የሚመደብ፣ መንግሥት ለሌላ ሥራ ሊያዞረው የማይችል መዝገብ በሕግ ሊቋቋም ይገባል፤ አለዚያ የቆቃው ታሪክ ይደገማል።

ስለዚህ ሕጎቹን የሚያረቅቁትን የምለምናቸው ይህን ነው። የጠፉትን ሰዎች ስም የሚመዘግብና መቃብራቸውን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ከልዩው ፍርድ ቤት በፊት ይቋቋም፤ በእውነት አፈላላጊው ኮሚሽን ውስጥ ግፉዓን በእንግድነት ሳይሆን በአባልነት ይቀመጡ፤ ምሕረት የሚሰጠው ሰው የሠራውን ሁሉ በግፉዑ ወገን ፊት ሳይናገር ምሕረት አይሰጠው፤ የቀይ ሽብሩ የችሎት መዝገብ የምስክሮቹ ደኅንነት ተጠብቆ ለሕዝብ ይታተም። በ1969 ዓ.ም. የአርባ ዓመት ሴት የነበረች እናት ዛሬ በሕይወት ካለች ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግታለች፤ አብዛኞቹ ጓደኞቿም ሳይጠየቁ ዐልፈዋል። ሕጉ እስኪወጣ፣ ኮሚሽኑም እስኪሠየም አትጠብቁ፤ ሰው ላኩና ቃሏን አሁኑኑ ተቀበሏት።